ቤንዚን ቤንዚን የሚል እንቁላል

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር የተቀቀለ እንቁላል ትዝ ይለኛል። ሰሞኑን ደሴ ልጄ ቤት ተቀምጬ መብራት ጠፋና ጎረቤት ያለው ባለሱቅ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ ያ ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሌላው ሰው መስኮቱን ለመዝጋት ሲሯሯጥ እኔ ብቻዬን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ ምራቴ። ምን ብዬ ልንገራት? አባቴ፣ አንዲት አሮጌ መኪና፣ አንዲት ላምባ ሻጭና ዶሮዎቻችን በአንድ ክረምት የሠሩትን ጉድ ቆሞ መናገር አይቻልም፤ ተቀምጦ መጻፍ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

መካነ ሰላም የነበረው ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ ነበር። አባቴ አቶ መንገሻ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከአብዮቱ በፊት ንግዱ ሞቅ ባለለት ጊዜ ከአንድ መሬት ቀያሽ ያገለገለች ላንድሮቨር ገዝቶ ሲነዳት ኖረ፣ ደርግ መጥቶ የእህሉ ንግድም ቤንዚኑም በመንግሥት እጅ ሲገባ ግን መኪናይቱ ከግቢያችን ላይኛው ጥግ ቆማ ቀረች። የግንባሯ ቀለም ተላልጦ እንደ ቦራ በሬ ግንባር ነጣ ስላለ ቦራ እንላት ነበር። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቶ ስለነበር የምትነሳው ቁልቁል ተለቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ ያቆማትና ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ያስደግፍ ነበር። ፍሬኗን አያምነውም፤ የሚያምነው ድንጋዩን ነበር።

ከታች በኩል ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቀበሌ በድልድል የሚሰጣቸውን ላምባ በጠርሙስ እየለኩ ሸጠው የሚኖሩ፣ ቁመተ ረጅም፣ ምላሳቸው ከቁመታቸው የሚረዝም ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሞሚና ጓደኛዬ ነበረች፤ ጓደኛዬ ስል እህቴ ማለቴ ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ እሳት እንጫጫር፣ ወንፊት እንዋዋስ፣ እኔና ሞሚና ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሾልክባት እናቶቻችንም አያውቁትም ነበር። እነሱ እስላም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አንበላላም፤ ግን በበዓል እትዬ ዘይነባ ለእናቴ እንቁላል ይልኩላት ነበር። «እንቁላል ሃይማኖት የለው» ይሉ ነበር፣ መሶቧን በቀዳዳዋ ሲያቀብሉ።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ በጥር ወር ወደ ከላላ ልትዳር ተወስኖ ነበር። ከላላ ደግሞ ሙሽራ የምትሄደው በበቅሎ ነው። አባቴ ግን «ልጄ መኪና ያለው ሰው ልጅ ናት፣ በበቅሎ አትሄድም!» ብሎ ፎክሮ፣ በኩፖን የምትሰጠውን ቤንዚን ጠብ ሳያደርግ እያጠራቀመ የቦራን ሆድ ሞልቶ አስቀመጠ። የዚያች መኪና የቤንዚን አፍ ያለው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነበር፤ ትራሱን አንስተው፣ ክዳኑን ፈትተው፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች ያዩታል። አባቴ በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ እዚያ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ መሪውን ተደግፎ፣ በሌላው እጁ አንድ ቀጭን ፌሮ ወደ ቤንዚኑ ጋን ይሰድና እርጥበቱ የት ድረስ እንደደረሰ ያይ ነበር። ፌሮው ጭቃ እንዳይዝበት ብሎ ጫፉን በሞረድ አሹሎታል። ከታች ሲደርስ «ቋ!» ይላል። ያ ድምፅ የቤታችን ደወል ነበር፤ እናቴ «ተነሱ፣ ቋ ብሏል» እያለች ትቀሰቅሰን ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ሽታው ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ነገሬ አላለውም፤ ዝናቡ ሲዘንብ የሁሉም ነገር ሽታ ይነሳልና እናቴ «የአሮጌ ዕቃ ጠባዩ ነው» ብላ ተወችው። እያደር ግን ግቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን አለ። ጋቢያችን፣ ጠላችን፣ ፀጉራችን ሳይቀር ሸተተ። እናቴ መፍትሔ ብላ ጤና አዳምና ኮሰረት አስራ መኪናው ውስጥ ሰቀለች፤ ኮሰረቱ ከሽታው ጋር ሲቀላቀል አንድ ሰው ቅቤ በቤንዚን ያነጠረ ይመስል ነበር። አባቴ ፌሮውን ሰድዶ ሲያይ ቤንዚኑ ጎድሏል። ደነገጠ። በማለዳ ብቻ ይለካ የነበረው ማታም መለካት ጀመረ። ይበልጥ ጎደለ። ከዚያ ቀትር ላይም ጨመረበት፤ ቋ! ቋ! ሲል መዋል ሆነ ሥራው። በለካ ቁጥር ይጎድላል፣ በጎደለ ቁጥር ይለካል።

«ሌባ አለ» አለ በመጨረሻ፣ ክርስቲያን ቢሆንም ሲናደድ ይምል እንደነበረው፣ «ወላሂ ሌባ አለ!»

ከዚያ ወዲያ ወደ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ሳይሸተት አይወጣም ነበር። አባቴ እንግዳውን በትሕትና ይጨብጥና ዞር ብሎ የራሱን እጅ ያሸት ነበር። የንስሐ አባታችን መጥተው መስቀል ሲያሳልሙት እንኳ ከመስቀሉ አልፎ ወደ እጅጌያቸው ሲያዘነብል አይቼዋለሁ። መኪናዋን ግን ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አላያትም። በክረምት ጣሪያውም ዛፉም ይንጠባጠባል፣ የማን ጠብታ እንደሆነ ማን ይለያል? ደግሞም ሌባ ሁለት እግር ያለው ነው ብሎ ወስኗል፤ አባቴ አንዴ ከወሰነ እግዜርም አያስለውጠውም ነበር።

ዘመን መለወጫ መጣ። እትዬ ዘይነባ እንደ ልማዳቸው እንቁላል ላኩ፣ እናቴም ዶሮዎቻችን ከጣሉት ጋር በአንድ መሶብ ቀላቅላ ለዶሮ ወጡ ቀቀለችው። ዶሮዎቻችን ክረምቱን ከዝናብ ሸሽተው የሚጥሉት ቦራ ሥር ነበር፤ ግን በዚያን ጊዜ ይህን ከነገሩ ጋር ያያያዘ ሰው አልነበረም። ማዕድ ቀርቦ፣ ተባርኮ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ለንስሐ አባታችን ደረሰ። ጎረሱ። ቆም አሉ። አላመጡ። እንደገና ቆም አሉ። ትልቅ ሰው ናቸውና ዋጡት፣ ውኃም ጠጡበት፣ ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወይዘሮዬ፣ ይህች እንቁላል ክብሪት ብናሳያት የምትበራ ይመስለኛል» አሉ።

አባቴ የራሱን እንቁላል አነሳና አሸተተ። ዓይኑ ሲፈጥ ይታየኛል። «ዘይነባ!» አለ። «እንቁላሉን የላከች እሷ ናት! ቤንዚን በነካ እጇ ነው የነካችው!»

እናቴ «የእኛም አብሮ አለበት እኮ» ብትል ማን ሰምቷት። እትዬ ዘይነባ ላምባ ይሸጣሉ፤ አጥራቸው ካጥራችን የተያያዘ ነው፤ ቀዳዳም አለች። በአባቴ ቤት ፍርዱ አለቀ። በማግስቱ የግራር እሾህ አስቆርጦ ቀዳዳዋን ዘጋት። ሞሚና በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን በእሾሁ መካከል ስንተያይ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳውም። ያናደደኝ መለያየታችን ብቻ አይደለም። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያይ፣ አንዲት ሴት በእንቁላል ሌባ መባሏ ነው።

እትዬ ዘይነባ ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። እስከዚያ ቀን አባቴን «አያ መንገሻ፣ አንቱ» ነበር የሚሉት። አጥሩ አጠገብ ቆመው፣ «አንተ መንገሻ!» አሉ፣ መንደሩ እስኪሰማ። «እኔ የምሸጠው ላምባ ነው! ላምባ ውስጥ ቤንዚን ብቀላቅል የመካነ ሰላም ኩራዝ ሁሉ ፈንድቶ ያንተ ጺም ይተርፍ ነበር?»

«ሽታ ሽታ ነው!» አለ አባቴ ከወዲህ።

«እንዲያ ከሆነ በሬህም አንተም አንድ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ትሸታላችሁ!»

ሣቅ የሚያሰኝ ነገር ቢሆንም ውስጡ ሣቅ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ነዳጅ ሰረቀ የተባለ ሰው ሌባ ብቻ አይባልም፣ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው የሚባለው። ነገሩ ቀበሌ ከደረሰ መጀመሪያ የላምባ ድልድላቸውን ይነጥቋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም ነበር። አባቴ «ቀበሌ እሄዳለሁ» ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «መጀመሪያ በአገር ወግ አውጫጭኝ ይጠራ፤ እምቢ ካልክ ሬሳዬን ተራምደህ ሂድ» አለችው። አውጫጭኝ የድሮ ሥርዓት ነው። የተሰረቀ ነገር ሲኖር የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። አባቴ ጾሙ ሲጠናበት ሰው እንደሚያወጣለት ስለተማመነ እሺ አለ።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በግቢያችን ተሰበሰበ። ዳኛ እንዲሆኑ የተመረጡት አያ ይማም የሚባሉ፣ የሰፈሩ የዕድሜ ባለጸጋ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሽማግሌ ነበሩ። ንፁሕ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «የሚያውቅ ያውጣ፤ የደበቀ አይባረክ» አሉ። ማንም አላወጣም። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። የአንዱ ሆድ ሲጮኽ ሌላው «እሱ ነው መሰለኝ መናገር የፈለገው» ይላል። አያ ይማም የሁሉም ሰው እጅ እንዲሸተት አዘዙ፤ አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ በርበሬ፣ እትዬ ዘይነባ ላምባ ሸተቱ።

«ይኸው!» አለ አባቴ ብድግ ብሎ።

«ይኸው ምን?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ላምባ ሻጭ ምን እንድትሸት ትፈልጋለህ፣ ወተት? አላህ ይይልኝ፣ የሙት ልጅ ይዤ በምኖርበት ቤት…» ድምፃቸው ተሰበረ። እኚያን ሴት ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሞሚና ቀሚሳቸውን ይዛ ቆማ ነበር።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። «አባዬም ይጠየቅ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ «ዝም በይ አንቺ ዳኛ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ቤታችን ውስጥ ዳቦ ሲቆረስም ሆነ ውኃ ሲቀዳ እኩል ካልሆነ ብዬ ስለምከራከር ስሜ ዳኛ ነበር።

«ተያት» አሉ አያ ይማም። «አውጫጭኝ ላይ ትንሽ ትልቅ የለም። ምንድነው የምትዪው?»

«የሁሉም እጅ ተሸተተ። የአባዬ እጅ አልተሸተተም። ይህ ፍርድ ነው?»

አያ ይማም አሰቡና አባቴን በጣታቸው ጠሩት። እጁን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉት ፊታቸው ጭምድድ አለ። «ያረቢ! መንገሻ፣ አንተን ከእሳት ያርቅህ! ሰው አይደለህም፣ ኩራዝ ነህ!»

«የራሴ ቤንዚን ነዋ!» አለ አባቴ። «ስለካ ነው የነካኝ።»

«እስቲ እንዴት እንደምትለካ አሳየን።»

አባቴ እንደ ቄስ በክብር ወደ ቦራ ሄደ፤ ሰውም ተከተለው። እኔና ሞሚና ከእግሮች መካከል ተሹለክልከን ፊት ሆንን። ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። ግቢያችን ከክረምት የወጣ፣ ሣር በሣር ነው፤ ከመኪናዋ ሥርም ቢሆን ሣሩ ገብቷል፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ግን ምጣድ የሚያህል ክብ ቦታ ላይ ሣሩ ተቃጥሎ ደርቋል፤ በጎኑ የዶሮዎቻችን ጎጆ አለ፣ ውስጡም ሁለት እንቁላል። ሞሚናን ጎተትኩና በሆዳችን ተስበን ገባን። ከላይ አባቴ ትራሱን ሲያነሳ፣ መሪውን ሲደገፍ፣ ክዳኑን ሲፈታ ይሰማል። ከዚያም ቋ! አለ። ከበላያችን ካለው ከዛገው ጋን አንዲት ጠብታ ብቅ አለችና በእንቁላሉ ላይ ጠብ አለች።

«አባዬ፣ ድገመው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የት ገባች ይህች ልጅ?»

«ድገመው!»

ቋ! ሦስት ጠብታ ተከታትሎ ወረደ። «አያ ይማም፣ ይምጡ ይዩ!» አለች ሞሚና። ሽማግሌው በርጩማቸውን ትተው፣ ያን ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መሬት ተኝተው፣ ጢማቸው ሣሩን እየጠረገ አንገታቸውን አስገቡ። «በል መንገሻ፣ ድገም» አሉ። አባቴ ነገሩ ሳይገባው በኃይል ሰደደው፤ አያ ይማም ግንባራቸው ላይ ተረጨባቸው።

ተነስተው ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ አባቴ ዞሩ። ከዚያ «ሌባህ ተገኝቷል» አሉ። «ቀጭን ነው። ረጅም ነው። ጫፉ የሾለ ነው። በቀን ሦስቴ ይገባል።»

«ማነው እሱ? ስሙን ይንገሩኝ!»

«በእጅህ ይዘኸዋል።»

አባቴ ፌሮውን አየ። ሰዎቹን አየ። እንደገና ፌሮውን አየ። ሰው ሁሉ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ግን ሽማግሌው ሳይስቁ አይሳቅምና አፉን በጋቢው ይዞ ቆሟል። በመጨረሻ አንዲት ሴት አፈተለካትና ግቢው በሣቅ ተናጋ። ያልሳቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባቴ፣ እትዬ ዘይነባና እኔ። እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር። እናቴ እግሬን ይዛ ከመኪናው ሥር ስትጎትተኝ እንኳ «እትዬ ዘይነባስ?» እል ነበር።

አያ ይማም ፍርዱን ተናገሩ፤ በሐሰት ያማ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይቆማል፣ ተበዳዩ በእጁ ካላወረደለት አያወርድም። አባቴ ግትር ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሕተቱ ሲገባው ደግሞ እንደ ግትርነቱ ነው የሚቸኩለው። «እሸከማለሁ!» አለ። ዞር አለና አንዲት ትንሽ ድንጋይ አነሳ።

«እሷማ ታንሳለች» አልኩ። «በደሉ ትልቅ ነው።»

በንዴት አየኝና ያችን ጥሎ፣ ከዓይኑ የገባውን ትልቅ ድንጋይ እንደምንም አቅፎ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠው። ድንጋዩ ከቦራ ጎማ ሥር የነበረው ነው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቦራ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ ብላ ተነቃነቀች። «መንገሻ…» አለች እናቴ። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለ። አባቴ ሲለካ የተደገፈው መሪ ወደ እትዬ ዘይነባ በኩል ዞሮ ስለነበር፣ መኪናዋ በሩን ትታ፣ ዶሮዎቹን እያንጫጫች፣ ማንም ሳይነዳት ከመስከረም ጀምሮ የታጠረውን እሾህ ጥሳ፣ ከቀዳዳዋ ጋር አጥሩን ግማሽ ይዛ፣ እትዬ ዘይነባ ጎመን መደብ ላይ ደርሳ ቆመች። አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ቆማበት የነበረውን ባዶ ቦታ እያየ ቀረ።

እትዬ ዘይነባ ጎመናቸውን አዩ። መኪናዋን አዩ። አባቴን አዩ። «እኔ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ» አሉ፣ «መኪናህን ሽማግሌ አድርገህ ላክሃት?»

ያን ጊዜ ራሳቸውም ሳቁ። አባቴ ግን ፍርዱ ፍርድ ነውና በፈረሰው አጥር በኩል እየተንገዳገደ ወርዶ እፊታቸው ቆመ። ላቡ ይወርዳል። «ዘይነባ፣ በድዬሻለሁ» አለ። «አንቺ ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ ሴት፣ ስምሽን አጠፋሁ። አፉ በይኝ።»

«ትንሽ ቆይ፣ ደኅና አድርጌ ልይህ» አሉ። አዩት። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቱ አወረዱና፣ «አፉ ብያለሁ፣ አያ መንገሻ። አንቱም አፉ ይበሉኝ፣ ከበሬ ጋር አንድ አድርጌዎት ነበር» አሉ።

በጥር እህቴ ወደ ከላላ በበቅሎ ሄደች። የተረፈውን ቤንዚን ጎመኑ ጠጥቶት ነበር። እሷ ግን እፎይ ብላ፣ «ቢያንስ የበቅሎ ሽታ ከየት እንደመጣ ይታወቃል» ብላ አሳቀችን። ቦራን ወደ ላይ የሚገፋ ጉልበት ስላልተገኘ እስከ ፋሲካ እትዬ ዘይነባ ግቢ ቆየች፤ ዶሮዎቻችንም ተከትለዋት እዚያው መጣል ጀመሩ። ዶሮዋ የእኛ፣ መኪናዋ የእኛ፣ መሬቱ የእሳቸው፤ እንቁላሉ የማን ነው የሚል ክርክር ተነስቶ እኔ ዳኛዋ እኩል ለእኩል ብዬ ፈረድኩ። አጥሩን መልሶ ያጠረ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ደሴ፣ የልጄ ልጅ የሰፈራቸውን ዘበኛ ስልኬን ሰረቀኝ ብሎ ጠረጠረው። ለጎረቤቱ ሁሉ በእናቱ ስልክ ጻፈ፤ ሰውየውን አስቀርቦ የጠየቀው የለም። ስልኩ ከመኪናው ወንበር ሥር ሲገኝ፣ ለዚያው ለጎረቤቱ «ይቅርታ፣ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈና ከጎኑ አንዲት የምትስቅ ቢጫ ፊት አደረገ። ዘበኛው ስልክ የለውም፤ መልእክቱን አላየም። ልጁን ጠራሁና «ና ውጣ፣ ድንጋይ አንሳ» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት፣ ግቢውን ዙሪያውን ፈለግን፤ ሁሉም ሲሚንቶ ነው፣ አንስተው የሚሸከሙት አንዲት ድንጋይ እንኳ የለም። እዚያ ቆመን ሳለ፣ ከበሩ ሆኖ ያየን ዘበኛ የጠፋብንን ሊያፋልገን እየመጣ ነበር።